ዊልያም ሃርቪ፦ የደም ሥርን ትንንሽ በሮች ምስጢር የፈታው ሐኪም

ደም ከልብ ወጥቶ ወደ አካላት የሚሄድበትን ቧንቧ በአማርኛ ደም ቅዳ እንለዋለን፤ ወደ ልብ የሚመለስበትን ደግሞ ደም መልስ። ስማቸው ራሱ ሥራቸውን ይናገራል። ዛሬ ይህ ማንኛውም ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። ከ400 ዓመታት በፊት ግን ደም ከልብ ወጥቶ፣ አካልን ዞሮ፣ ተመልሶ ወደ ልብ ይገባል ብሎ መናገር የአውሮፓን ሊቃውንት መዳፈር ነበር፤ የተናጋሪውንም እንጀራ አደጋ ላይ ይጥል ነበር።

ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው ወይም ደጋግማ የወለደች እናት፣ ማታ ጫማ አውልቀው እግራቸውን ሲመለከቱ፣ በባታቸው ላይ ያበጠና የተጠማዘዘ ሰማያዊ የደም ሥር ሊያዩ ይችላሉ። ሐኪሞች ቫሪኮስ ቬይን ይሉታል። የችግሩ መነሻ በደም መልሱ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ በር፣ በሕክምናው አጠራር ቫልቭ፣ በደንብ መዝጋት ሲያቅታት ነው።

ይህች በር ለምን እንደተሠራች በትክክል ተረድቶ በማስረጃ ያሳየው ዊልያም ሃርቪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በዘመኑ በዚህ ግኝት የዳነ ሕመምተኛ ነበር ለማለት ይከብዳል። ዛሬ ግን የእግሩን ደም ሥር ሊያሳይ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚመረመረውም የሚታከመውም በእሱ ግኝት ላይ በቆመ ዕውቀት ነው።

የነጋዴው የበኩር ልጅ

ሃርቪ የተወለደው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ኤፕሪል 1 ቀን 1578 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። የትውልድ ስፍራው በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት አውራጃ የምትገኘው ፎክስተን የተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። አባቱ ቶማስ ሃርቪ በኋላ የከተማዋ ከንቲባ እስከ መሆን የደረሰ ነጋዴ ነበር። ከዘጠኝ ልጆች የመጀመሪያው ዊልያም ነው። ከወንድሞቹ አብዛኞቹ የአባታቸውን ፈለግ ተከትለው ወደ ንግድ ሲገቡ፣ እሱ ብቻውን ወደ ሕክምና አዘነበለ።

በካንተርበሪ ከተማ የላቲን ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በ15 ዓመቱ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ጎንቪል ኤንድ ኪስ ኮሌጅ ገባ። ይህ ኮሌጅ በሞት የተቀጡ ወንጀለኞችን አስከሬን በየዓመቱ ለሰውነት ጥናት እንዲጠቀም ከቤተ መንግሥት ፈቃድ ነበረው። በዚያን ዘመን ከጥንት መጻሕፍት ውጭ የሰውን ውስጣዊ አካል በዓይን የማየት ዕድል ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ነበር። ወጣቱ ሃርቪም የበለጠ ለማየት ሲል ባሕር ተሻግሮ ወደ ጣልያን አቀና።

መምህሩ ያየው፣ ተማሪው የተረዳው

በቬኒስ ሪፐብሊክ ሥር የነበረው የፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ በጊዜው ከአውሮፓ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁሉ የላቀ ስም ነበረው። ጋሊሊዮ ሒሳብ ያስተምር የነበረው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። የሰውነት ጥናት መምህሩ ፋብሪሲየስ ደግሞ አስከሬን እየከፈተ የሚያስተምርበት፣ ተማሪዎች ደረጃ በደረጃ ከፍ እያሉ ቆመው ቁልቁል የሚመለከቱበት ክብ አዳራሽ ነበረው። የእንጨት መደርደሪያዎቹ ዛሬም ለጎብኚ ይታያሉ።

ተማሪዎቹ በዚያ አዳራሽ የሚማሩት ትምህርት መሠረቱ የተጣለው በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮም ግዛት በነበረው ሐኪም በጋሌን ነው። በጋሌን አስተምህሮ መሠረት ምግብ በጉበት ውስጥ ወደ ደም ይለወጣል፤ ደሙም በደም ሥሮች አማካይነት ወደ እጅና እግር ይፈስሳል፤ አካልም ይጠጣዋል። ነገሩ ከመስኖ ጋር ይመሳሰላል፤ ከምንጩ የተጠለፈ ውኃ በቦይ ወርዶ ማሳውን ያጠጣል እንጂ ተመልሶ ወደ ምንጩ አይገባም። ጉበት ምንጭ ነበር፤ የደም ሥር ቦይ፤ አካል ማሳ።

በዚህ አስተምህሮ ላይ ስንጥቅ መታየት የጀመረው ከሃርቪ በፊት ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በካይሮ የኖረው ሐኪም ኢብን አል ናፊስ፣ ደም ከቀኝ ወደ ግራ የልብ ክፍል የሚያልፈው ጋሌን እንዳለው በግድግዳው ቀዳዳ ሳይሆን በሳንባ በኩል ነው ብሎ ጽፏል። በፓዱዋ ያስተማረው ሬያልዶ ኮሎምቦም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር። ሆኖም ደም መላውን አካል ዞሮ ይመለሳል የሚለው ሐሳብ ገና አልጠራም ነበር።

ፋብሪሲየስ ራሱ አንድ አስደናቂ ነገር አይቷል። የእጅና የእግር ደም ሥሮችን ሰንጥቆ ሲከፍት፣ በውስጣቸው በየተወሰነ ርቀት የተተከሉ፣ ትንንሽ ኪስ የሚመስሉ ስስ ሽፋኖችን አገኘ። በሮች ብሎም ሰየማቸው፤ ስለ እነሱ ያዘጋጀውንም መጽሐፍ በ1603 አሳተመ። ነገር ግን በሮቹን የተረጎማቸው በጋሌን መነጽር ነው። ደም ወደ ታች በኃይል ወርዶ እጅና እግርን እንዳያጥለቀልቅ ፍጥነቱን ለመቀነስ የተሠሩ ናቸው ብሎ አመነ።

በአዳራሹ ቆሞ ይመለከት የነበረው እንግሊዛዊ ተማሪ ግን አንድ ነገር ከነከነው። የበሮቹ አፍ ሁሉ የሚከፈተው ወደ ልብ አቅጣጫ ነበር። ደም ከጉበት ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ በሮቹ የሚቀንሱት ፍጥነቱን አይደለም፤ መንገዱን ነው የሚዘጉት። ሃርቪ በስተርጅናው ከወጣቱ የሳይንስ ሰው ከሮበርት ቦይል ጋር ሲጨዋወት፣ ስለ ደም ዝውውር እንዲያስብ ያደረገው ምን እንደሆነ ተጠይቆ የጠቀሰው እነዚህኑ በሮች ነበር። ተፈጥሮ ይህን ያህል ብዙ በር ያለ ምክንያት አትሠራም ብሎ እንዳሰበ ለቦይል ነግሮታል።

በ1602 የዶክተርነት ማዕረጉን ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ ይህ ጥያቄ አብሮት ተመለሰ። መልሱን አሳትሞ ለዓለም እስኪያቀርብ ግን 26 ዓመታት ፈጅቶበታል።

የለንደን ዓመታት

በ1604 ኤልሳቤጥ ብራውን የተባለች የሐኪም ልጅ አገባ። ልጅ አልወለዱም። ስለ ትዳራቸው የተጻፈ ነገር ጥቂት ነው፤ ሃርቪ በኋለኛው መጽሐፉ ስለ ሚስቱ በቀቀን ያሰፈረው ታሪክ ግን የቤታቸውን ድባብ ጥቂት ያሳያል። በቀቀኗ በኤልሳቤጥ ጭን ላይ መቀመጥ የምትወድ፣ የምታወራ ወፍ ነበረች፤ ስለምታወራም ሃርቪ ወንድ መስላው ኖራለች። ስትሞት ምክንያቱን ለማወቅ ከፈታት፤ በሆዷ ውስጥ ያገኘው እንቁላል ነበር። ሃርቪ በቤቱ ባለች ወፍም ቢሆን ከግምት ይልቅ ዓይኑን የሚያምን ሰው ነበር።

በ1609 በለንደን የሴንት ባርቶሎሚው ሆስፒታል ሐኪም ሆነ። ይህ በ1123 የተመሠረተ ሆስፒታል ዛሬም በዚያው ስፍራ አገልግሎት ይሰጣል። ሃርቪ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን በሆስፒታሉ አዳራሽ ተቀምጦ ድሆች ሕመምተኞችን ማየት ነበረበት። ከ1616 ጀምሮ ደግሞ በሐኪሞች ኮሌጅ የሰውነት ጥናት ያስተምር ጀመር። ለማንበብ በሚያስቸግረው የእጅ ጽሕፈቱ የተዘጋጁት የትምህርት ማስታወሻዎቹ እስከ ዛሬ አሉ።

የሕይወት ታሪኩን የከተበው ጆን ኦብሪ እንደሚነግረን ቁመቱ አጭር፣ ዓይኖቹ ትንንሽና ጥቋቁር፣ ጠባዩም ቁጡ ነበር። ሕመምተኛ አይቶ ሲመለስ ግን እባብ፣ እንቁራሪት፣ ዓሣና ውሻ ሳይለይ እየከፈተ የልብን አመታት ያጠና ነበር። ልባቸው ቶሎ የሚመታ እንስሳት ላይ እንቅስቃሴውን ለመለየት ሲያስቸግረው፣ ደማቸው ቀዝቃዛ፣ ልባቸውም ዝግ ያለ እንስሳትን መረጠ። ልብ ሲኮማተር ደምን እንደሚገፋ፣ ሲላላ እንደሚሞላ የለየው በዚህ መንገድ ነው።

በክንድ ላይ የታሰረው ጨርቅ

ሃርቪ ክርክሩን የገነባበት ማስረጃ ውድ መሣሪያ አልጠየቀም። በዚያ ዘመን ደም አውጥቶ ማከም የተለመደ ስለነበር፣ ፀጉር አስተካካዩም ሐኪሙም የሕመምተኛን ክንድ ከክርን በላይ በጨርቅ ሲያስሩ ማንም ያያል። ሲታሰር የሚያብጠው ከማሰሪያው በታች፣ በእጅ በኩል ያለው የደም ሥር ነው። ይህን በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሁሉም ሲያየው ኖሯል። ደሙ ከጉበት ወደ እጅ የሚወርድ ቢሆን ማበጥ የነበረበት ከማሰሪያው በላይ፣ በትከሻ በኩል ያለው ነበር። ከታች ማበጡ ደሙ ወደ ላይ ለመውጣት ሲሞክር መንገድ እንደተዘጋበት ያሳያል።

ቀጥሎ የማሰሪያውን ጥብቀት ለዋወጠ። በጣም ሲያጠብቀው ጥልቅ ያለው ደም ቅዳም ይዘጋል፤ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ይገረጣል። ትንሽ ሲያላላው ደም ቅዳው ይከፈታል፤ ከቆዳ ሥር ያለው ደም መልስ ግን እንደተዘጋ ይቆያል፤ እጅ በደም ይሞላል፣ ይቀላል። ስለዚህ ደም ወደ እጅ የሚገባው በደም ቅዳ፣ የሚወጣውም በደም መልስ ነው።

ከዚያ ወደ በሮቹ መጣ። ክንዱ ሲታሰር በአበጠው የደም ሥር ላይ እዚህም እዚያም ትንንሽ እብጠቶች ይታያሉ፤ በሮቹ ያሉት እዚያ ላይ ነው። ሃርቪ በአንድ ጣቱ ደም ሥሩን ተጭኖ ይይዛል፤ በሌላው ጣቱ ደሙን ወደ ትከሻ አቅጣጫ ከቀጣዩ በር አሳልፎ ይገፋዋል። በሁለቱ መካከል ያለው የደም ሥር ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ከላይ ያለው ደም አይመለስም። በግድ ወደ ታች ሊገፋው ሲሞክር በሩ ይዘጋበታል። የመጀመሪያውን ጣት ሲያነሳ ግን ደም ከታች መጥቶ ባዶውን ቦታ ይሞላዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሥዕሎች የሚያሳዩት ይህንኑ፣ በጨርቅ የታሰረ ክንድንና የሚጫኑ ጣቶችን ነው።

በመጨረሻ ወደ ሒሳብ ሄደ። ልብ በአንድ ምት የሚገፋውን ደም ሆን ብሎ አሳንሶ ገመተ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ1000 ጊዜ በላይ እንደሚመታ አሰበ፤ አባዛው። ውጤቱ በመላው አካል ውስጥ አለ ተብሎ ከሚታሰበው ደም የሚበልጥ ሆነ። ሰው ይህን ያህል ደም የሚወጣው ምግብ በግማሽ ሰዓት ሊበላ አይችልም። እንግዲህ ያው ደም ተመልሶ መምጣት አለበት። ዛሬ የጤናማ ጎልማሳ ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ አምስት ሊትር ያህል ደም እንደሚገፋ እናውቃለን፤ በአካሉ ያለው ደም በሙሉም ከዚሁ ጋር ይቀራረባል።

72 ገጾችና የተቀነሱ ሕመምተኞች

መጽሐፉ በ1628 በጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ በላቲን ቋንቋ ታተመ። 72 ገጽ ያላት፣ የማተሚያ ስሕተት የበዛባት ቀጭን መጽሐፍ ነበረች። ሃርቪ ለንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ባቀረበው መታሰቢያ የልብን ቦታ በአካል ውስጥ ከንጉሥ ቦታ በአገር ውስጥ ጋር አነጻጽሯል።

ተቃውሞው ብዙ አልዘገየም። በ1630 ጄምስ ፕሪምሮዝ የተባለ ሐኪም የማስተባበያ መጽሐፍ አወጣ። የፓሪሱ ስመ ጥር የሰውነት ጥናት ሊቅ ዣን ሪዮላን ጋሌንን ለማዳን ብዙ ደከመ። በ1636 ሃርቪ ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር በጀርመን ሲያልፍ፣ ካስፓር ሆፍማን የተባለውን ፕሮፌሰር ለማሳመን ሙከራውን በፊቱ አሳየው፤ ሰውየው ግን ሐሳቡን አልለወጠም። ሃርቪን ከሁሉ በላይ የጎዳው በለንደን የደረሰበት ነው። ኦብሪ እንደጻፈው መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ብዙ ሰዎች ሐኪሙ አእምሮው ተነክቷል ብለው ስላሰቡ ሕመምተኞቹ ቀነሱ።

ተቃዋሚዎቹ አንድ እውነተኛ ክፍተት ይዘውበት ነበር። ደም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገርበትን መንገድ ሃርቪ ማሳየት አልቻለም። መንገዱ መኖር አለበት ብሎ ደመደመ እንጂ በዓይኑ አላየውም፤ የዘመኑ መሣሪያም አልፈቀደለትም። ሆኖም ሥራውን አልተወም። ለሪዮላን በ1649 በሁለት ረጃጅም ጽሑፎች መልስ ሰጠ። ከዚያ ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት ስለ ልብ አሠራር ባይስማማም የደምን ዝውውር ተቀብሎ ጽፎለት ነበር።

በንጉሥ ቤት፣ በጦር ሜዳም

ሃርቪ በመጀመሪያ የንጉሥ ጄምስ፣ ቀጥሎም የልጁ የቻርልስ ቀዳማዊ ሐኪም ነበር። ቻርልስ ለምርምሩ የሚሆኑ አጋዘኖችን ከግል ደኑ ይሰጠው ነበር። አንድ ጊዜ በልጅነቱ ወድቆ የግራ ጎኑ የተጎዳ፣ ቁስሉ ሲድን በደረቱ ላይ ክፍት ቀዳዳ የቀረበት አንድ የአየርላንድ ባላባት ልጅ ለንደን መጣ። ቀዳዳውን በብረት ሰሌዳ ይሸፍነው ነበር። ሃርቪ ወጣቱን ንጉሡ ዘንድ አቀረበው፤ ሁለቱም የሚመታውን ልብ በጣታቸው ነኩ። ወጣቱም ልቡ መነካቱ አልተሰማውም።

በ1634 ደግሞ ከሰሜን እንግሊዝ በጥንቆላ ተከስሰው ወደ ለንደን የመጡ አራት ሴቶች እንዲመረመሩ ንጉሡ ሲያዝ፣ ምርመራውን የመራው ሃርቪ ነው። አዋላጆችና ቀዶ ሐኪሞች ባካሄዱት ምርመራ የጠንቋይ ምልክት ሊባል የሚችል፣ ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ነገር አለመገኘቱ ተገለጸ። የክሱ ምንጭ የነበረው ልጅም ታሪኩን ፈጥሮ እንደተናገረ በኋላ አምኗል።

በ1642 በንጉሡና በፓርላማው መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ ሃርቪ ከንጉሡ ጋር ሄደ። በኤጅሂል ውጊያ ቀን የ12 እና የ9 ዓመት ልጆች የነበሩትን ሁለቱን ልዑላን እንዲጠብቅ ታዘዘ። ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር አስቀምጧቸው መጽሐፍ አውጥቶ ሲያነብብ፣ የመድፍ ጥይት በአቅራቢያው መሬት ስትመታ ቦታ ለውጦ እንደተቀመጠ ኦብሪ ከራሱ ከሃርቪ ሰምቶ ጽፏል።

በዚያው ዓመት የፓርላማው ወታደሮች በለንደን የነበረውን መኖሪያውን በረበሩ። ስለ ነፍሳት አፈጣጠር ለዓመታት ያጠራቀማቸው ማስታወሻዎች ጠፉ። ከደረሰበት ጉዳት ሁሉ ይህን ያህል ያሳዘነው እንደሌለ ይናገር ነበር። ከዚያም ከንጉሡ ጋር ኦክስፎርድ ተቀመጠ፤ የመርተን ኮሌጅ ኃላፊም ሆነ። ከተማዋ በ1646 እጅ ስትሰጥ ሥልጣኑም አበቃ። ሚስቱንም ያጣው በእነዚሁ ዓመታት ገደማ ነው።

ቡና የሚወድ ሽማግሌ

የቀሩትን ዓመታት ያሳለፈው በነጋዴ ወንድሞቹ ቤት ነው። ሪህ አጥብቆ ያመው ነበር። ሕመሙ ሲነሳበት በውርጭ ቀን ሰገነት ላይ ወጥቶ ባዶ እግሩን በቀዝቃዛ ውኃ ባልዲ ውስጥ ይነክራል፤ እግሩ ሲደነዝዝም ወደ ምድጃው ይመለሳል። ይህ ሰው ለሌላው አካል የነበረውን የምርምር ትዕግሥት በራሱ እግር ላይም ይሞክረው ነበር።

ለእኛ አንባቢዎች ቅርብ የሆነ አንድ ልማድም ነበረው። ከኢትዮጵያ ተነስታ በየመንና በቱርክ በኩል ወደ አውሮፓ የዘለቀችው ቡና ለንደን ውስጥ ገና ብርቅ በነበረችበት ጊዜ፣ ሃርቪና ወንድሙ ኢሊያብ ቡና ይጠጡ ነበር። በከተማዋ የመጀመሪያው ቡና ቤት የተከፈተው በ1652 ነው፤ ኦብሪ እንደሚለው ወንድማማቾቹ ቡና ቤት ፋሽን ከመሆኑ በፊት ጀምረዋል። ወንድሞቹ ከቱርክ ጋር የሚነግዱ መሆናቸውን ስናስብ ይህ ብዙ አያስገርምም።

በ1651 ስለ እንስሳት መራባት የጻፈውን ሁለተኛ ታላቅ መጽሐፉን አሳተመ። ለሐኪሞች ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ሕንጻ አሠርቶ ሰጠ። በ1654 የኮሌጁ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ሲመረጥ ዕድሜውን ምክንያት አድርጎ ምስጋናውን አቅርቦ ተወው። የሐኪሞች ኮሌጅ አባላት በየዓመቱ እየተሰበሰቡ ንግግር የሚሰሙበትንና የተፈጥሮን ምስጢር በሙከራ እንዲመረምሩ የሚበረታቱበትን ዝግጅትም በገንዘቡ አቋቋመ። ያ ዓመታዊ ንግግር ዛሬም ይካሄዳል።

ሃርቪ ጁን 3 ቀን 1657 በ79 ዓመቱ በስትሮክ ሞተ። በኤሴክስ አውራጃ፣ በሄምፕስቴድ መንደር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ያሠራው ቤተ መጻሕፍት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በለንደን ታላቅ ቃጠሎ ጠፋ። ክርክሩ ግን ከመሞቱ በፊት በአብዛኛው አሸንፎ ነበር። የጎደለው ክፍተትም የተሞላው በአራት ዓመት ውስጥ ነው። በ1661 ጣልያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ የእንቁራሪትን ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ ደም ቅዳንና ደም መልስን የሚያገናኙትን በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን የደም ሥሮች አየ።

በሮቹ ሲላሉ

ያበጠ የእግር ደም ሥር ከሃርቪ በፊትም የታወቀ ሕመም ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚተርከው፣ ሮማዊው የጦር መሪ ጋይየስ ማሪየስ ሳይታሰር የአንድ እግሩን ደም ሥሮች አስቆርጧል፤ ሁለተኛውን ሊቆርጡለት ሲሉ ግን ጥቅሙ ከሥቃዩ አይበልጥም ብሎ ተወው። ቀዶ ሐኪሞች የሚቆርጡትን ያውቁ ነበር፤ ለምን እንዳበጠ ግን አያውቁም ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት በሮቹ ለምን እንደተሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ሲቆም በእግሩ ያለው ደም ሽቅብ ወደ ልብ መውጣት አለበት። በምንራመድበት ጊዜ የባት ጡንቻ ደም ሥሮቹን ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጡንቻው ሲላላ በሮቹ ተዘግተው ደሙ ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዙታል። የደም ሥሩ ግድግዳ ሲለጠጥ የበሩ ሁለት ከንፈሮች መገጣጠም ያቅታቸዋል። ደም ወደ ታች ያፈስሳል፤ ከሥሩ ባለው በር ላይ ክብደት ይጨምራል፤ ያም በተራው ይላላል። ከቆዳ ሥር ያለው ደም ሥርም ያብጣል፣ ይጠማዘዛል። ዕድሜ፣ የቤተሰብ ተጋላጭነት፣ እርግዝና፣ ከልክ ያለፈ ክብደትና ለረጅም ሰዓት መቆም ለዚህ ያጋልጣሉ። የሸረሪት ድር የሚመስሉት ቀያይና ሰማያዊ መስመሮች ደግሞ ቆዳው ውስጥ ያሉ በጣም ቀጫጭን ሥሮች ሰፍተው የሚታዩ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመልክ በቀር ጉዳት የላቸውም።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፍሬድሪክ ትሬንደለንበርግ ሕመምተኛውን አጋድሞ እግሩን ከፍ በማድረግ ደሙን ያስወጣ፣ ደም ሥሩን ከላይ በጣቱ ይጫን፣ ከዚያም ሰውየውን አስቁሞ ጣቱን ያነሳ ነበር። ደም ከላይ ወደ ታች ተንደርድሮ ከሞላ በሮቹ እንደላሉ ያውቃል። ሃርቪ በጤነኛ ክንድ ላይ ያሳየውን ትሬንደለንበርግ በታመመ እግር ላይ አዋለው፤ ሕክምናውም ደም ሥሩን ከላይ ቋጥሮ መዝጋት ሆነ።

ዛሬ ጣቱን የተካው አልትራሳውንድ ነው። ደሙ ወደየት እንደሚፈስስ በስክሪን ላይ ይታያል። በእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው መመሪያ መሠረት፣ ሕክምና ለሚያስፈልገው ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት የተበላሸውን ደም ሥር በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ከውስጥ መዝጋት ነው። ይህ ካልተስማማ አረፋ መሰል መድኃኒት በመርፌ ይሰጣል፤ ቀዶ ሕክምና ከዚያ ይከተላል። ቀጫጭኖቹ ሥሮችም መልካቸው ካስጨነቀ በመርፌ መድኃኒት ሊታከሙ ይችላሉ። ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲ፣ መራመድና ሲያርፉ እግርን ከፍ ማድረግ ሕመሙን ያቀልላሉ፤ የላላውን በር ግን አይጠግኑም። የደም ቅዳ መጥበብ ያለበት ሰው ካልሲውን ሐኪም ሳያማክር ማድረግ የለበትም።

ብዙ ሕመምተኞች ደም ሥሩ ከተዘጋ ደሙ በየት ይሄዳል ብለው ይሠጋሉ። መልሱ የሚገኘው ከዝውውሩ ነው። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም አብዛኛውን የሚሸከሙት ጥልቅ ያሉት ደም መልሶች ናቸው፤ በላይ ያለው የተበላሸ መንገድ ሲዘጋ ደሙ በጤናማዎቹ በኩል ያልፋል።

በቁርጭምጭሚት አካባቢ ቆዳ ሲጠቁር ወይም የማይድን ቁስል ሲወጣ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ደም ሥሩ ከደማ ጋደም ብሎ እግርን ከፍ ማድረግና ቦታውን አጥብቆ መጫን፣ ከዚያም ወደ ሕክምና መሄድ ተገቢ ነው። አንድ እግር በድንገት ካበጠና ካመመ ጥልቅ ባለው ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊኖር ስለሚችል ለነገ የሚባል አይደለም። የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከተጨመረበት አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።

በ1883 የእንግሊዝ ሐኪሞች የሃርቪን አጽም ከመቃብሩ ዋሻ አውጥተው በዚያው ቤተ ክርስቲያን በዕብነ በረድ ሣጥን አኖሩት። ሃርቪ ራሱ እነዚህን ሕክምናዎች አላለማቸውም። በሩ ለምን ወደ ላይ ይከፈታል ብሎ ጠየቀ፤ መልሱን እስኪያረጋግጥም ከ20 ዓመታት በላይ ሠራ። እኛ ደም መልስ የምንለው የደም ሥር፣ ስሙ የሚነግረንን ሥራ በእርግጥ እንደሚሠራ ያረጋገጠው የእሱ ጣት ነው።